ደህና ይተኛ የነበረ ሕፃን በድንገት አልተኛም ሲል

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ጎረቤቴ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ ከዒሻ በኋላ በሬን አንኳኳች። በእጇ ትንሽ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዛለች። «እህቴ፣ እስቲ እዪልኝ፤ ይህን ስንት ማንኪያ ነው የምሰጣት?» አለችኝ። ዓይኖቿ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል። ልጅቷ ከዚያ በፊት በእንቅልፍ አስቸግራ አታውቅም ነበር፤ እራቷን ከበላች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ጭልጥ ብላ ትተኛና ንጋት ላይ ትነሣለች። ከዐሥር ቀን ወዲህ ግን መኝታው ሲዘጋጅ ስታይ ታለቅሳለች፣ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልወርድም ትላለች፣ ከስንት ልመና በኋላ ብትተኛም ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ እየጮኸች ትነሣለች። አማቷ «ትል ነው» አሉ። ሌላ ዘመድ «ዓይን ነው» አለች። ከአንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ «ጥሩ አድርጎ ያስተኛታል» ተብሎ ይህ የአለርጂ ሽሮፕ ተሰጣት።

ጠርሙሱን ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና «ባለፉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ቤታችሁ ውስጥ ምን ተለወጠ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ምንም» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ጡት ማስጣሏን ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ስለሞላት እሬት ቀብታ ነው ያስጣለቻት። «አጠገቤ ከተኛች ጡት ትፈልጋለች» በማለትም በዚያው ሳምንት ከራሷ አልጋ አውርዳ ከታላቅ እህቷ ጋር ፍራሽ ላይ ማስተኛት ጀምራለች። ልጅቷ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጡቷንም የእናቷን ጎንም አጥታለች ማለት ነው። እናትየዋ ይህን ስትናገር ራሷ ደነገጠች።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ችግር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ደህና ይተኛ የነበረ ልጅ በድንገት እንቅልፍ እምቢ ማለቱ እጅግ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜም በትዕግሥት ከተያዘ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይስተካከላል። የሚጎዳው ችግሩ ራሱ ሳይሆን ወላጆች ከድካም ብዛት የሚወስዱት እርምጃ ነው፤ ልጁን መምታት፣ ማስፈራራት፣ በጭስ ማጠን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመድኃኒት ማስተኛት።

በቅድሚያ ልጅዎ ምን ያህል መተኛት እንዳለበት ይወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የሚነሣና ቀን አንድ ሰዓት ተኩል የሚያሸልብ የሁለት ዓመት ልጅ 12 ሰዓት አግኝቷል፤ በቂው ነው። ይህ ልጅ ቀን ላይ እስከ 10 ሰዓት ተኝቶ ቢውልና ማታ 2 ሰዓት ላይ «አልተኛም» ቢል ግን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። እንቅልፍ ገና አልመጣበትም።

ምን ተለወጠ?

ሕፃን የሚኖረው በልማድ ነው። ሰዓት አያነብም፤ ቀኑን የሚያውቀው በሚደጋገሙ ነገሮች ነው። ስለዚህ ችግሩ ከጀመረበት ቀን ወደ ኋላ ሁለትና ሦስት ሳምንት ተመልሰው ያስቡ። ጡት መጣል፣ አዲስ ሕፃን መወለድ፣ ቤት መቀየር፣ አልጋ መለወጥ፣ የሠራተኛ መሄድና መምጣት፣ እንግዳ መብዛት፣ ሰሞኑን ታሞ ሌሊት ሌሊት ታቅፎ መክረሙ፣ ሽንት ቤት መልመድ መጀመሩ፣ ሁሉም እንቅልፍ ያናጋሉ። ልጁ ራሱም ይለወጣል። አንድ ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት አካባቢ ቋንቋው በአንድ ጊዜ ይከፈታል፣ «እምቢ» ማለትን ይማራል፣ እናቱ ከዓይኑ ስትርቅ የት ሄደች ብሎ ይጨነቃል። ለእርሱ መተኛት ማለት ከእናቱ መለየት ነው።

እናት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ከአያት ጋር የቀረ ልጅ ደግሞ በቀን እየተጫወተ ሐዘኑን ሁሉ ለሌሊት ሊያስቀምጠው ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ «አድጓል፣ ረስቷል» ማለት ስሕተት ነው። እናትየዋ ስትለብሰው የኖረችውን ሻሽ ትራሱ አጠገብ ማድረግ፣ ስሟን ከቤት ውስጥ ወሬ አለማጥፋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየማታው የሚያስተኛው ሰው አንድ እንዲሆን ማድረግ ይረዳል። በነገራችን ላይ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ስትወጡ ልጁ ሳያይ ሹልክ ብላችሁ አትሂዱ። ለቅሶውን የቀነሳችሁ ይመስላችኋል እንጂ ከዚያ በኋላ ዓይኑን መጨፈን ይፈራል።

ጡት ማስጣልን በተመለከተ ለእናቶች አንድ ነገር ልበል። ማጥባትን ማሟላት ለሚሻ ቁርኣን ሁለት ሙሉ ዓመታትን አስቀምጧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባትን ይመክራል። ሆኖም ሁለት ዓመት የሞላበት ዕለት እሬት ቀብቶ በአንድ ጊዜ መቁረጥ ለልጁም ለእናትየዋም ጡት ከባድ ነው። ቀኑ ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በመጀመሪያ የቀኑን፣ ቀጥሎ የሌሊቱን፣ በመጨረሻም ከመኝታ በፊት ያለውን መተው ይቻላል። ጡት በሚጥልበት ወር መኝታውን አይቀይሩበት።

ሕመም ይሆን?

ይህን ሳያረጋግጡ ስለ ልማድ ማውራት አይገባም። ትኩሳት ካለው፣ ጆሮውን የሚነካካና ሲጋደም ለቅሶው የሚብስበት ከሆነ የጆሮ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ያስመርምሩ። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ትኩሳት ያለበትን ልጅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከታየ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛና አልፎ አልፎ ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደገና በድንገት የሚተነፍስ ልጅ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው በስተጀርባ ያለው እጢ አብጦ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሰውነቱ ግትር ብሎ በተከታታይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፈጥነው ሆስፒታል ይሂዱ፤ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል።

አማትየዋ ስለ ትል የተናገሩትም መሠረት የለውም አይባልም። ሌሊት ሌሊት በፊንጢጣ አካባቢ የሚያሳክክ ነጭ ክር የመሰለ ትንሽ ትል አለ። ልጁ መቀመጫውን የሚያክና የሚገላበጥ ከሆነ ከተኛ በኋላ በባትሪ ብርሃን ቢያዩት ሊታይ ይችላል። ከተገኘ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በግምት ሳይሆን በባለሙያ ትእዛዝ ይሁን። የኋለኞቹ መንጋጋ ጥርሶችም የሚወጡት በሁለተኛው ዓመት መጨረሻና በሦስተኛው ዓመት ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ሌሊት ሊረብሹ ይችላሉ። ጥርስ ግን ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም፤ «ጥርስ ነው» ተብሎ ቤት የሚቆይ ትኩሳት አደገኛ ነው።

ሌሊት ለምን ይነቃሉ?

ብዙ ወላጆች ደህና የሚተኛ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የማይነቃ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። የሕፃን እንቅልፍ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከከባድ ወደ ቀላል እየተመላለሰ የሚሄድ ሲሆን አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይፈጃል። በዙሮቹ መካከል ሁሉም ሕፃን ለአፍታ ነቃ ይላል። ዙሪያውን ያያል፤ ሁሉም ነገር ሲተኛ እንደነበረው ከሆነ ተገላብጦ ይተኛል። ካልሆነ ይጮሃል።

እስቲ ራስዎን ያስቡ። ከዘመድ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረው አንቀላፉ እንበል። ሲነቁ አጠገብዎ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እንደገና ይተኛሉ? በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ እሹሩሩ ሲባል የተኛና ከዚያ ቀስ ተብሎ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሌሊት የሚሆነው ይኸው ነው። የተኛው ጀርባ ላይ ነበር፤ ሲነቃ ጀርባው የለም። ጡጦ እየጠባ፣ ቴሌቪዥን እያየ፣ ወይም እጅ ይዞ የተኛም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ችግር መፍትሔው ያለው ሌሊት ላይ ሳይሆን ማታ እንቅልፍ በሚወስደው ቅጽበት ላይ ነው። ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ያለበት ሁኔታ ሌሊቱን ሙሉ ሳይለወጥ ሊቆይ የሚችል መሆን አለበት።

አንዳንድ የውጭ መጻሕፍት «ልጁን በራሱ ክፍል አስተኝታችሁ በሩን ዝጉ» ይላሉ። ብዙዎቻችን ከልጆቻችን ጋር የምንተኛው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህም ጥፋት አይደለም። ሌሊቱን በሙሉ ከእናቱ ጎን የሚተኛ ልጅ ሲነቃ እናቱን ያገኛታልና ችግር የለበትም። ችግር የሚሆነው ማታ አንድ ቦታ፣ ሌሊት ሌላ ቦታ፣ አንድ ቀን በእሺታ፣ አንድ ቀን በዱላ ሲሆን ነው። ቤተሰቡ የትኛውንም ይምረጥ፣ የመረጠውን ግን በየሌሊቱ ያድርግ።

ማታውን ማስተካከል

ከመኝታ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ያረጋጉት። ከመግሪብ ጀምሮ ልጆችን ወደ ቤት መሰብሰብ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተማርነው ሥርዓት ነው፤ ለእንቅልፍም ጥሩ መነሻ ይሆናል። እራት ከመኝታው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይብላ። ከዚያ ቴሌቪዥንና ስልክ ይዘጋ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ምንም ዓይነት የስክሪን ጊዜ አይመክርም፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ቀጥሎ ፊቱንና እግሩን በለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ጥርሱን ማጽዳት፣ የሌሊት ልብስ ማልበስ፣ መብራቱን ቀነስ ማድረግ፣ አንድ አጭር ተረት፣ ከዚያም በእጅ ላይ ተቀርቶ ሰውነቱ የሚዳበስበት የመኝታ ዚክር። ቅደም ተከተሉ በየማታው አንድ ዓይነት ይሁን፤ በጠቅላላው ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀጥሎ የሚመጣውን ራሱ ይናገራል፤ መረጋጋት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። «ትተኛለህ ወይ?» ብለው አይጠይቁት። «ሰማያዊውን ልብስ ነው ወይስ ቢጫውን?» ቢሉት እምቢተኝነቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ያገኛል።

ከዚያ እንቅልፍ ሳይወስደው፣ ዓይኑ ግን ከብዶ ሳለ ያጋድሙት። ቢያለቅስ አጠገቡ ይቀመጡ፤ አያንሡት፣ ወሬም አይክፈቱ። እጅዎን ደረቱ ላይ አድርገው «አለሁ፣ ተኛ» ይበሉት። ሁለትና ሦስት ማታ እንዲህ ካደረጉ በኋላ እጅዎን ያንሡና አጠገቡ ብቻ ይቀመጡ። ከሦስት ማታ በኋላ ፈቀቅ ይበሉ። እንዲህ እያሉ እስከ በሩ ይሄዳሉ። ሌሊት ሲነቃም ማታ ያደረጉትን ብቻ ይድገሙ፤ መብራት አይብራ፣ ጨዋታ አይኑር። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ለቅሶው ሊብስ ይችላል። ብዙ ቤቶች የሚሸነፉት በሦስተኛው ሌሊት ነው፤ አባት ጠዋት ሥራ አለበት፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፣ አያት «ልጄን ልትገድሉት ነው» ይላሉ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ቤተሰቡ ሁሉ ተቀምጦ ይስማማ። በተለይ አያቶችን በአክብሮት አስረዷቸው። እነርሱ ሳይስማሙበት የሚሳካ ነገር የለም።

በእኩለ ሌሊት የሚጮኸው ልጅ

ወላጆችን ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ልጁ ከተኛ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በድንገት ብድግ ብሎ ይጮሃል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሲያቅፉት ይገፈትራል፣ እናቱን እንኳ አያውቃትም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተመልሶ ይተኛል፤ ጠዋት አንዳች አያስታውስም። ብዙ ቤቶች ይህን ሲያዩ ጂን እንደነካው እርግጠኛ ይሆናሉ። በሕክምና የሌሊት ሽብር የሚባል ሲሆን ልጁ ከከባድ እንቅልፍ በግማሽ ብቻ ሲነቃ የሚፈጠር ነው። ድካም፣ የእንቅልፍ ማነስና ትኩሳት ያባብሱታል፤ በቤተሰብም ይተላለፋል። ሲያድጉ ይተዋል። አይቀስቅሱት፣ አይነቅንቁት፣ ውኃ አይርጩበት፤ እንዳይወድቅ ብቻ እየጠበቁ ይቆዩ። ዱዓ ቢያደርጉ፣ ቁርኣን በለሆሳስ ቢቀሩ ለእናንተም መረጋጋት ነው። ጭስ ውስጥ መያዝ ግን ሳንባውን ይጎዳል። በብርድ ሌሊትም የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኝታ ክፍል አታስገቡ፤ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣልና ተኝቶ አለመነሣትን ያስከትላል።

ቅዠት ከዚህ ይለያል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ወደ ንጋት ነው፤ ልጁ በደንብ ይነቃል፣ እናቱን ያውቃታል፣ መታቀፍ ይፈልጋል። ያንጊዜ ያቅፉት። ደግሞስ «ተኛ፣ ጅቡ መጣ!» እያልን አስፈራርተን አስተኝተነው ሌሊት ጅብ ቢመጣበት ለምን ይገርመናል? ጅብ፣ ፖሊስና መርፌ የሚወጋ ሐኪም ከመኝታ ቤት ይውጡ።

ምግቡስ?

ጤነኛና ክብደቱ ጥሩ የሆነ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልጅ በአብዛኛው ሌሊት መመገብ አያስፈልገውም። ሰሞኑን ታሞ የከሳ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይመለከተውም፤ ያብሉት። ለእራት ገንፎ፣ የምስር ወጥ በእንጀራ ፍትፍት፣ እንቁላል፣ ወይም ሥጋ ያለበት ሾርባ ሆድ ይይዛል። ሻይ፣ ቡናና ኮካ ኮላ ለዚህ ዕድሜ ጨርሶ አይሰጡ። እንቅልፍ የሚነሣ ካፌይን አላቸው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። የብረት እጥረት ያለበት ልጅ እግሩን እያወራጨ፣ እየተገላበጠ ይተኛል፤ ቀን ደግሞ ይነጫነጫል። ልጅዎ የገረጣ፣ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ወይም አፈር የሚበላ ከሆነ ደሙን ያስመርምሩ። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ብረቱ በደንብ እንዲወሰድ ያግዛል። ወተት ጥሩ ነው፤ በቀን ከግማሽ ሊትር እጅግ ሲያልፍ ግን ሌላውን ምግብ ይዘጋል። አፉ ላይ ጡጦ አድርጎ ማስተኛት ጥርሱን ያበሰብሳል።

ስለ ሽሮፑ

ጎረቤቴ ይዛው የመጣችው ጠርሙስ ፕሮሜታዚን የሚባል ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ይህ መድኃኒት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ እንዳይሰጥ ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ምክንያቱም ትንፋሽን እስከ ሞት ድረስ ሊያዳክም ስለሚችል ነው። ሁለት ዓመት የሞላቸውም ቢሆኑ ሐኪም ለሕመም ካላዘዘ በቀር ለማስተኛት ተብሎ አይሰጣቸውም። ሌሎቹም የሳልና የአለርጂ ሽሮፖች እንዲሁ ናቸው። አንዳንዱን ሕፃን ከማስተኛት ይልቅ ያቅበጠብጡታል። ከውጭ አገር በዘመድ የሚላከው የእንቅልፍ ከረሜላም ከረሜላ አይደለም፤ ያለ ሐኪም ለሕፃን አይሰጥ።

የረመዳን ነገርም አለ። በዚያ ወር ቤቱ ሁሉ ዘግይቶ ይተኛል፣ ለሱሑር ይነሣል፤ ሕፃኑም አብሮ ይነሣና ከዒድ በኋላ የመጣ እንግዳ ችግር ይመስላል። የሚቻል ከሆነ ባልና ሚስት ተራ እየገቡ አንዱ ተራዊሕ ሲሄድ ሌላው ልጁን በሰዓቱ ያስተኛ፤ ሱሑርም ልጁ ከተኛበት ራቅ ብሎ በደብዛዛ ብርሃን ይበላ። ልማዱ ከተናጋም የመኝታውን ሰዓት በየማታው በ15 ደቂቃ እየቀደሙ መመለስ ነው።

ጎረቤቴ ሽሮፑን ሳትከፍተው ሄደች። ልጅቷን ወደ ራሷ አልጋ መለሰቻት፤ ጡቱ ግን እንደተተወ ቀረ። በእርሱ ፈንታ ከእራት በኋላ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ወተትና የእናትየዋ አሮጌ ሻሽ ተተካ። የመጀመሪያው ሳምንት አስቸጋሪ ነበር፤ አንድ ሌሊት እንደውም ተስፋ ቆርጣ ደውላልኛለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጅቷ ሻሹን እየጎተተች ራሷ ወደ አልጋው መሄድ ጀመረች። አሁን የምትነቃው ለፈጅር አዛን ሲባል ብቻ ነው። እናትየዋም ሶላቷን እስክትጨርስ ልጅቷ ሻሹን እንደያዘች መልሶ እንቅልፍ ይወስዳታል።